ለራስሽ ብቻ የምትነሺው ፎቶ፦ ወደ ክፍሉ ከመግባትሽ በፊት

ደውለው የሚጠይቁኝ ሴቶች አብዛኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጀምሩት። «ያ የመኝታ ቤት ፎቶ የሚሉትን አንቺ ታነሺያለሽ አሉ፣ እውነት ነው?» አዎ፣ አነሳለሁ። ጎንደር ላይ የምኖረው በሠርግ፣ በክርስትናና በምርቃት ፎቶ ነው፤ ይሄኛውን ግን ለሴቶች ብቻ፣ በቀጠሮ፣ በሩ ተቆልፎ እሠራዋለሁ። በሙያው ቡዱዋር ይባላል። በስልክ ተናግሬ የማልጨርሰውን እዚህ ልዘርዝረው፤ እኔ ጋ ባትመጪም ሌላ ፎቶ አንሺ ጋ ስትሄጂ ይጠቅምሻል።

ራቁት መሆን ግዴታ አይደለም። በሌሊት ልብስ፣ ከላይ በሚደረብ የቤት ሮብ፣ በውስጥ ልብስ፣ በሰፊ የወንድ ሸሚዝ ወይም ነጠላ ብቻ ተከናንበሽ ልትነሺ ትችያለሽ። ከትከሻቸው በላይ ብቻ የተነሱ አሉ፤ እንሶስላ የሞቀ እግራቸውን ብቻ ያስነሱ ሙሽሮችም አሉ። ድንበሩን የምታሰምሪው አንቺ ነሽ፤ ከመጀመራችን በፊት ወረቀት ላይ እንጽፈዋለን። መሃል ላይ ሐሳብሽን ቀይረሽ ማጥበብ ትችያለሽ። ማስፋት ግን በዚያው ቀን አልፈቅድም። ሞቅ ብሎሽ እሺ ያልሽው ነገር ማታ ቤትሽ ስትገቢ ሊከብድሽ ይችላል። ሰንበት ብለሽ፣ ረጋ ብለሽ አስበሽበት ከመጣሽ ያን ጊዜ እናሰፋዋለን።

ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ፎቶው ከካሜራው ከወጣ በኋላ የት የት እንደሚደርስ ጠይቂ። ከሁሉም የማስቀድመው ይሄንን ነው። ጎንደር ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ስትመርጪ አጠገብሽ የቆመችው ሴት የባልሽ አክስት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አንሺዋ ማን ናት? ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን ይኖራል? ፎቶውን የሚያስተካክለው እሷ ናት ወይስ ለሌላ ሰው ትሰጣለች? የሚታተመው የት ነው? መቼስ ነው የሚጠፋው? እነዚህን ስትጠየቅ የምትቆጣ ወይም «አታስቢ፣ ችግር የለውም» ብላ የምታልፍ ፎቶ አንሺ ከሆነች ቦርሳሽን አንስተሽ ውጪ።

አንድ ሌላ መለያም አለ። ናሙና አሳዪኝ በያት። የሌላ ደንበኛ ፎቶ፣ ፊቷ እየታየ፣ ከስልኳ አውጥታ ካሳየችሽ ነገ ያንቺንም ለሌላ ታሳያለች። እኔ የማሳየው ፊት የማይለይባቸውንና ባለቤቶቻቸው በፊርማ የፈቀዱልኝን ጥቂት ሕትመቶች ብቻ ነው።

እኔ ጋ አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎቶው ከሚሞሪ ካርዱ የሚገለበጠው ኢንተርኔት ወደማይገባበት ላፕቶፕ ነው። በዚያው ቀን፣ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ የማትፈልጊውን አንድ በአንድ እናጠፋለን። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ ከካርድ ላይ «አጥፋ» ተብሎ የጠፋ ፎቶ ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቀላል ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ካርዱን በሙሉ ፎርማት አድርጌ፣ ዳር እስከ ዳር ሌላ ቪዲዮ እሞላበታለሁ። የተስተካከለውን ተረክበሽ ስትፈርሚ ደግሞ ከእኔ ላፕቶፕም ይጠፋል። «ሃርድ ዲስኬ ተበላሸብኝ፣ ድጋሚ ስጪኝ» ብትዪኝ የምሰጥሽ የለኝም፤ ይሄንን ቀድሜ እናገራለሁ።

ሕትመቱን ማንም አያስብበትም። የሠርግ አልበም ሲታተም ፎቶው በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ የምናውቀው እኛ ነን፤ የሚያቀናብረው፣ የሚያትመው፣ የሚቆርጠው፣ የሚያደርሰው ሁሉ ያየዋል። ለዚህ ሥራ የያዝኩት «ሴልፊ» የምትባለውን ትንሿን የካኖን ማተሚያ ነው፤ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ታወጣለች፣ ከዚህ የሚበልጥ ከፈለግሽ አልሠራም። ቀለሙ ያለው በሚጠቀለል ስስ ፕላስቲክ ሪባን ላይ ነው። ማተሚያዋ በሙቀት ቢጫውን፣ ከዚያ ሮዝማውን፣ ከዚያ ሰማያዊውን ወረቀቱ ላይ ታሳርፋለች፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ሪባኑ ላይ ሳስቶ ይቀራል። ሪባኑን አውጥተሽ ወደ መስኮት ብታነሺው ፊትሽን፣ ትከሻሽን፣ የአልጋውን ጠርዝ ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል፣ ያውም ሦስት ጊዜ። ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ ሪባን ማለት የተጣለ ፎቶ ማለት ነው። እኔ አንቺ እያየሽ በመቀስ ቆራርጬ ጓሮ አቃጥለዋለሁ። ሌላ ቦታ ከታተመልሽ ሪባኑን ስጡኝ ብለሽ ተቀበዪ።

የቀረው ያንቺ ስልክ ነው። ፎቶውን ስልክሽ ላይ ከመጫንሽ በፊት ጉግል ፎቶስ በራሱ እንዳይልክ ዝጊው፤ ያው አካውንት ልጆችሽ በሚጫወቱበት ታብሌት ላይ ካለ እዚያም ይወጣል። በእኔ ምክር ስልክ ላይ ባይቀመጥ ይሻላል።

ይሄ ወደ ሌላ ጉዳይ ይወስደኛል። ከሚመጡት ውስጥ «ውጭ ያለው እጮኛዬ ላኪልኝ ብሎኝ ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህን ሻይ ቡና እያልን ረዘም አድርጌ ነው የማነጋግራቸው። ፎቶው የእሱ ፍላጎት ብቻ ከሆነ፣ አንቺ ደግሞ እምቢ ማለት ከብዶሽ ከሆነ፣ አላነሳሽም። አንቺም ከወደድሽው ታትሞ ሳጥንሽ ውስጥ ይቆለፍና ሲመጣ ራስሽ አሳዪው። አንዴ በቴሌግራም ከሄደ በኋላ ግን አንቺም እኔም አንይዘውም። ሕጉ ከጎንሽ ነው፦ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር ሥርዓት ጽሑፍ ወይም ምስል አሰራጭቶ ሰውን ማስፈራራትን በወንጀል ያስቀጣል። ግን ክስ የሚመጣው ፎቶው ከተበተነ በኋላ ስለሆነ መጠንቀቁ ይቀድማል።

ዕድሜሽ 18 ካልሞላ በምንም ምክንያት አላነሳም፤ መታወቂያ አያለሁ።

ለቀኑ ስትዘጋጂ ጠባብ ነገር ለብሰሽ አትምጪ። የጡት መያዣ፣ የካልሲና የሱሪ ላስቲክ ቆዳ ላይ የሚተወው መስመር ቶሎ አይጠፋም፤ ሰፊ ቀሚስ ለብሰሽ፣ ካልሲሽን ትተሽ ነይ። ወይባ መሞቅ ከወደድሽ ከሁለት ቀን በፊት ይሁን፤ በዚያው ቀን ከሆነ ቆዳሽ ላብ እያወጣ በመብራት ላይ ያብለጨልጫል። ሹሩባ ከሆነ በዋዜማው ተሠሪ፤ ቅቤ ግን ቀባ ቀባ ካደረግሽው ትራሱንም ነጠላውንም ያበላሻልና ለሌላ ቀን አቆዪው። ፊትሽን ከመልክሽ በነጣ ፓውደር አትቀቢ፤ በዓይን ደህና ይመስላል፣ ካሜራ ላይ ግን አመድ ነው የሚመስለው። ቅባት እጅሽና እግርሽ ላይ በደንብ ተቀቢ፤ ጠይም ቆዳ ብርሃን የሚይዘው ሲለሰልስ ነው። ቁርስ በልተሽ ነይ። ብዙዎች ሆዴ ይነፋል ብለው ባዶ ሆዳቸውን ይመጡና ገና ሳንጀምር ራሳቸውን ያዞራቸዋል።

ማተብ ላውልቅ ወይ የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። እኔ አውልቂ አልልም፣ አድርጊም አልልም። አንገት ላይ ያለ ጥቁር ክር በፎቶ ያምራል፤ ግን እንደዚህ ባለ ልብስ ከማተብ ጋር መታየት ኅሊናሽን የሚጎረብጠው ከሆነ ክሩን በነጠላ እንሸፍነዋለን። በፆም ቀን መነሳት የማይፈልጉም አሉ፤ የመረጥሽውን ቀን ንገሪኝ እንጂ ምክንያት አልጠይቅም።

ልብስ አዲስ መግዛት አያስፈልግሽም። የለመድሽው የሌሊት ልብስ ከፒያሳ ገዝተሽ የዋጋ ወረቀቱ ገና ካልተነሣለት ዳንቴል ይሻላል፤ በአዲሱ ውስጥ ትከሻሽ ይደነግጣል። የእናትሽ ወይም ያንቺ ስስ ነጠላ ካለ ግን ሳትረሺ ያዢ። ፈትል ከመስኮት ፊት ሲያዝ ብርሃኑ በክሩ መሃል ያልፋል፤ ገላሽ ቅርጹ ብቻ ይታያል፣ ዝርዝሩ ተሸፍኖ ይቀራል፣ ጥበቡ ደግሞ ብርሃን ስለማያሳልፍ እንደ ጥላ ከደረትሽ እስከ ጉልበትሽ ይወርዳል። ብዙ ልብስ የማውለቅ ፍላጎት የሌላት ሴት በዚህ ብቻ የምትደነቅበትን ፎቶ ይዛ ትሄዳለች። ጋቢ ለዚህ አይሆንም፣ ይከብዳል፤ ለመጠቅለልና ለመሞቅ ግን አንድ ክፍሉ ውስጥ አለ።

ክፍሉ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ነው፣ መስኮቱ ትልቅ ነው፣ ወደ ሰሜን ያያል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባበት ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ያኔ ስስ ነጭ መጋረጃ እጋርዳለሁ። የምወደው ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም፤ ክረምት ላይ ደመናው ከከበደ ብቻ በባትሪ የሚሠራ መብራት እጨምራለሁ።

ብርዱን አትናቂው። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ታኅሣሥና ጥር ጠዋት ቆዳ ወዲያው ይቆረፈዳል፣ እሱም በፎቶ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ መብራት ከሌለ በሙቅ ውኃ ላስቲክ ነው የማሞቀው። በርና መስኮቱ ተዘግቶ የከሰል ማንደጃ የሚያስገባ ሰው ካየሽ እዚያ ክፍል ውስጥ አትቀመጪ፤ የከሰል ጭስ ሽታው ሳይታወቅሽ ይገድላል።

ስንጀምር ልብስሽን እንደለበስሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች አያምሩም፣ ማማርም የለባቸውም፤ ትከሻሽ ጆሮሽ ጋ ይወጣል፣ ሳቅሽ ይጠነክራል፣ እጅሽን የት እንደምታደርጊ ይጠፋሻል። ያንን ጊዜ እያወራን እናሳልፈዋለን። እኔ አልነካሽም። አቀማመጡን ራሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አሳይሻለሁ፣ አንቺ ትከተያለሽ፤ ፀጉርሽን ከፊትሽ ማንሳት ካስፈለገ እንኳ ጠይቄ ነው። አገጭሽን ትንሽ ወደፊት አውጥተሽ ዝቅ አድርጊ፣ አየሩን በአፍሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ ጣቶችሽን ልቀቂያቸው፤ ከሁሉም የሚሠራው እሱ ነው። እኅትሽን ወይም ሚዜሽን ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ፣ ስልኳ ግን ውጭ ይቀራል። የእኔም እንደዚያው።

አንድ ጊዜ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ እናት መጡ። «ልጄ፣ ይሄን ሆድ እንዴት አድርገሽ ልታነሺው ነው?» አሉኝ። «እትዬ፣ ከፈለጉ በጋቢው እንሸፍነዋለን፣ ካልፈለጉ እንዳለ ይታያል፤ አንቱ ነዎት የሚያዙት» አልኳቸው። መጀመሪያ ተሸፈኑ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ሲያዞሩ በልጅነታቸው የተነቀሱት ንቅሳት፣ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው መስመር፣ እጥፋቱን ተከትሎ ብርሃኑ ላይ ወጣ። ከራቅ ብሎ አቅርቦ የሚያነሳውን 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሰክቼ ከአገጫቸው እስከ ጡታቸው አፋፍ ብቻ አነሳሁ። ፎቶውን ካሜራው ላይ ሲያዩት ጋቢውን ራሳቸው አውርደው ቀሪውን ጨረስን።

ይሄን የምነግርሽ «ቀጭን ልሁንና ልምጣ» ለምትዪው ነው። ፎቶ ሳስተካክል ብጉርና የወባ ትንኝ ንክሻ አጠፋለሁ፤ በሳምንት የሚጠፋ ነገር ነውና። የወሊድ መስመር፣ የኦፕራሲዮን ጠባሳ፣ የቆዳ ቀለም ግን አልነካም። አቅላኝ፣ አንጣኝ የምትለኝን ሴት ሌላ ፎቶ አንሺ እንድትፈልግ በትሕትና እነግራታለሁ።

አጠቃላይ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። መሃል ላይ የሚያለቅሱ አሉ፤ ካሜራውን አስቀምጬ ሻይ እቀዳለሁ፣ ቀጥዪ ስትዪኝ እቀጥላለሁ፣ በቃኝ ካልሽም እዚያው ያበቃል።

ሙሽራ ከሆንሽ የጥርና የሚያዝያ ሠርግ ሳይደርስ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ደውዪ፤ በእነዚያ ወራት ቅዳሜና እሑድ እኔ ድንኳን ውስጥ ነኝ። ከቀጠሮው በፊት አንድ ቀን መጥተሽ ክፍሉን እዪ፣ ቁልፉን ራስሽ ሞክሪው፣ ወረቀቱን አንብበሽ ፈርሚ። ቀብድ እቀበላለሁ። በቀኑ ጠዋት የወር አበባሽ ከመጣ፣ ካመመሽ ወይም ሆድሽ እሺ ካላለ ደውዪልኝ፤ ቀብዱ ለሌላ ቀን ይቆይልሻል፣ ጭራሽ ከተውሽውም ይመለስልሻል።