መውጫው ላይ ዲሲ የሚቆም አምፕሊፋየር፦ ችግርና መፍትሄ

ፊውዙ፣ ትራንስፎርመሩና የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ተፈትሸው ደህና ናቸው ብዬ ልነሳ።

ምልክት፦ በፖዘቲቭና ኔጋቲቭ 35 ቮልት የሚሠራ አምፕሊፋየር መውጫው ላይ 34 ቮልት ገደማ ኔጋቲቭ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ቮልቴጅ) ይነበባል። ስፒከር ከተገጠመ ጥቅሉ ይጨሳል።

መንስኤ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከእናንተ በፊት የከፈተው ሰው ነው። የመግቢያው ጥንድ (መግቢያው ላይ ያሉት ሁለት ትራንዚስተሮች) ፒኤንፒ በሆነበት ቦርድ ላይ ፒኤንፒው ኤ1015 ሲበላሽ ተቃራኒው ዓይነት፣ ኤንፒኤኑ ሲ1815 ይተካበታል። መልካቸው አንድ ነው። ጠፍጣፋው ፊት ወደ እናንተ ሲዞር የሁለቱም እግር ከግራ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ስለሆነ ቀዳዳው ሁለቱንም ይቀበላል። ሲበራ ግን የኤንፒኤኑ ቤዝና ኮሌክተር እንደ ዳዮድ ይከፈትና ቤዙ ወደ ኔጋቲቩ መስመር ይሳባል። ያ ጅረት ከጥንዱ ቀጥሎ ያለውን የቮልቴጅ ማጉያ ትራንዚስተር እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ መውጫውም ተከትሎ ይወርዳል።

ለሠርግ የድምፅ መሣሪያ የሚያከራይ ደንበኛ ስፒከሩን ደጋግሞ አስጠቅልሎ፣ «የዘንድሮ ስፒከር ጥራት የለውም» እያለ መጣ። ጥቅሉን የሚጠቀልለው ሰው ሒሳቡን ተቀብሏል፤ መውጫው ላይ ሜትር ያሳረፈ ግን አልነበረም። ክዳኑ ሲነሳ ከጥንዱ አንዱ ኤ፣ ጎረቤቱ ሲ!

ዓይነቱን አግኝቶ እግሩን የሚስትም አለ። ሁለቱም ፒኤንፒ ሆነው ቢሲ557 ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ 2ኤን5401 ደግሞ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። የአምራቹን ወረቀት ሳታዩ አትበይዱ።

መለያ፦ የመግቢያውን ቤዝ ከግራውንድ አንጻር ለኩ። ጤነኛ ፒኤንፒ በሚሊቮልት የሚቆጠር ፖዘቲቭ ያሳያል፤ ኤንፒኤን ኔጋቲቭ። 1 ሚሊ አምፔር የሚሠራ፣ ማጉላቱ 200 የሆነ ትራንዚስተር የቤዙ ጅረት 5 ማይክሮ አምፔር ነው፤ ቤዙን ከግራውንድ በሚያገናኝ የ22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ላይ 110 ሚሊቮልት ይሆናል። በቮልት የሚቆጠር ነገር ካያችሁ ትራንዚስተሩን አውጡት።

መፍትሄ፦ ጥንዱን አንድ ላይ፣ ማጉላታቸው በተቀራረበ ቀይሩ። በዲጂታል ሜትር የዳዮድ መለኪያ ቀዩ ገመድ ቤዝ ላይ ሆኖ ሁለቱም ወገን 0.6 ገደማ ካነበበ ኤንፒኤን ነው፤ ጥቁሩ ከሆነ ፒኤንፒ። ባለ መርፌ ሜትር በኦም መለኪያ ላይ ገመዶቹ ይገለበጣሉ፤ ተጠንቀቁ። ከዚያ በአምፕሊፋየሩ የመብራት ገመድ ላይ አምፖል በተከታታይ አስገብታችሁ አብሩ። መውጫው ከ50 ሚሊቮልት ሳይወርድ ስፒከር አትግጠሙ። ስፒከር አትግጠሙ!

የቮልቴጅ ማጉያው ላይ ቢሲ547 አታስገቡ፤ እሱ 45 ቮልት ነው የሚችለው፣ እዚያ ግን ወደ 70 ይደርስበታል። 2ኤን5551 ይበቃል።

ሽሽ የሚል ድምፅ ከቀረ፦ ቤዝና ኤሚተሩ በተገላቢጦሽ ቮልቴጅ የተመታ ትራንዚስተር ሜትር ላይ ደህና መስሎ ይጮኻል፤ ጣሉት። «ፒኤንፒ ጫጫታው ያነሰ ነው» የሚለው ክርክር ለደካማ ምንጭ፣ ለምሳሌ ለሸክላ ማጫወቻ መርፌ፣ እውነትነት አለው፤ ከስልክ ለሚመጣ ዘፈን ግን አይሰማም።

ቦርዱን ከኤንፒኤን ወደ ፒኤንፒ መገልበጥ ያማራችሁ የቮልቴጅ ማጉያውን፣ ዳዮዶቹንና የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮቹን አቅጣጫ ሁሉ መገልበጥ አለባችሁ።

እምም የሚል የ100 ኸርዝ ድምፅ፦ በፒኤንፒ መግቢያ ቦርድ የቮልቴጅ ማጉያው ኤሚተር ኔጋቲቩ መስመር ላይ ስለሚቆም፣ ወደ ማጉያው የሚሄደውን ያንኑ መስመር በሬዚስተርና በካፓሲተር አጣሩ።