ተወርዋሪ ኮከብ ፎቶ ማንሳት ለምትፈልጉ

ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ጀሚኒድስ የሚባለው የተወርዋሪ ከዋክብት ዝናብ የሚደምቅበት ሌሊት ነው፤ ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ ምርጡ። ዋናው ሥራ ፎከሱ ላይ ነው። አውቶፎከሱን አጥፉና ካሜራውን ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥሩ፤ ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ፣ ኮከቡ ጥርት ያለች ትንሽ ነጥብ እስኪሆን ሌንሱን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ከዚያ የፎከሱን ቀለበት በፕላስተር ያዙት፣ በጨለማ ሳይታወቃችሁ ይነካል። ሰፊ የሰማይ ክፍል የሚያሳይ ሌንስ፣ ኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ 3200 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ 15 ሰከንድ። ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) የግድ ነው። ተወርዋሪ ኮከቡን አይቶ ለመጫን አይደረስም፤ ካሜራው ሳያቋርጥ በተከታታይ ያንሳ። ከከተማ መብራት ራቅ በሉ፤ በብዛት የሚታየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። ብርድ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፣ ትርፍ ባትሪ ካላችሁ ከጃኬታችሁ ውስጥ ያዙት።