የቤት ኮምፒውተር በሎካል አካውንት ሲከፈት የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በልደታ ኮንዶሚኒየምም ሆነ በአራት ኪሎ ዙሪያ ባሉ ቤቶች አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው ነው። ተማሪው የቤት ሥራውን ይሠራበታል፣ እናት ሂሳብ ይይዙበታል፣ እንግዳ የመጣ ዘመድ ሳይቀር ማመልከቻ ይጽፍበታል። እንዲህ ያለ ዕቃ በአንድ ሰው ኢሜይልና ስልክ ቁጥር መታሰር የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሎካል አካውንት ማለት ስሙም የይለፍ ቃሉም እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ አካውንት ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት፣ ማለትም በኢሜይል በሚገባበት፣ የተከፈተ ኮምፒውተርም አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይገባል፤ ጣጣው ያለው መጀመሪያ ሲዘጋጅና የኢሜይሉ ባለቤት በሌለበት የይለፍ ቃል ሲጠፋ ነው።

«ኢንተርኔት ካላገናኙ አልቀጥልም» ይላል

ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ዊንዶውስ 11 ሆም የሚባለው እትም በ2021 ከወጣ ጀምሮ ሲዘጋጅ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፤ ፕሮ የተባለው ደግሞ ከ2022 ወዲህ እንደዚያው ሆኗል።

ፕሮ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ለሥራ ወይም ለትምህርት ቤት የሚለውን ይምረጡ፣ «ሳይን ኢን ኦፕሽንስ» የሚለውን ይጫኑ፣ ቀጥሎ «ዶሜይን ጆይን ኢንስቴድ» ሲል ይቀበሉ። ወዲያው የሎካል አካውንት ስም ይጠይቅዎታል።

ሆም ከሆነ ኔትወርክ በሚጠይቅበት ገጽ ላይ ሺፍትንና ኤፍ10ን አብረው ይጫኑ፤ በአንዳንድ ላፕቶፕ ኤፍኤን የሚለውም ቁልፍ መጨመር አለበት። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። በእንግሊዝኛ ፊደል ኦ፣ ኦ፣ ቢ፣ ኢ ብለው ይጻፉ፤ ከኤንተር በላይ ያለውን ወደ ግራ ያጋደለ ሰረዝ ይጨምሩ፤ ክፍተት ሳይተዉ ቢ፣ ዋይ፣ ፒ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ኤን፣ አር፣ ኦ ብለው ኤንተር ይምቱ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ተመልሶ እዚያው ገጽ ሲደርስ ዋይፋይ አያገናኙ፤ «አይ ዶንት ሃቭ ኢንተርኔት» የሚል አማራጭ ተጨምሮ ያገኙታል።

ማይክሮሶፍት ግን ከ2025 ጀምሮ በአዳዲስ የሙከራ እትሞቹ እነዚህን መንገዶች እየዘጋ ነው። ትእዛዙ ካልሠራ ሰዓትዎን አያባክኑ። በኢሜይል አዘጋጅተው ይጨርሱና ሴቲንግስ ውስጥ «አካውንትስ»፣ ከዚያ «ዩር ኢንፎ» ገብተው «ሳይን ኢን ዊዝ ኤ ሎካል አካውንት ኢንስቴድ» የሚለውን ይምረጡ። ፋይልም ፕሮግራምም አይጠፋም። ለእኔ ከሁሉም አስተማማኙ ይህ ነው። በስልክ ዳታ የሚያዘጋጁ ከሆነ ደግሞ እንደገቡ ግንኙነቱን «ሚተርድ ኮኔክሽን» (ዳታ የሚቆጥብ ግንኙነት) ያድርጉት፤ አለበለዚያ ማሻሻያው ጥቅልዎን ይጨርሰዋል።

ዋይፋይ ጨርሶ አይታይም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዋይፋዩ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ዋይፋዩን የሚያሠራበት ፕሮግራም፣ አለመጫኑ ነው። ስልክዎን በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና ስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ይክፈቱ፤ የስልኩ ኢንተርኔት በገመዱ ወደ ኮምፒውተሩ ይመጣል።

ዋይፋይ ተገናኝቷል፣ ድረ ገጽ ግን አይከፈትም

ብሮውዘሩ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ገጹን ሁሉ ይመልሳል። ብዙ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ያስደርጋል፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ መታየት ያለበት ከታች በቀኝ በኩል ያለው ቀን ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ለኮምፒውተሩ ዛሬ 2018 ከሆነ ሰርተፊኬቱ ገና ሥራ ያልጀመረ መስሎ ይታየዋል። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስገቡ፣ የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» ያድርጉ፣ ጠዋት 3 ሰዓት በኮምፒውተሩ 9 መሆኑን ያረጋግጡ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ የሚመለስ ከሆነ ግን የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ክብ፣ ባለ 3 ቮልት፣ ሲአር2032 የሚባል ነው። በዴስክቶፕ ላይ ገመዱን ነቅለው በእጅ ይቀይሩታል።

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፣ ግን አይቀበልም

በመጻፊያው ጫፍ ያለውን የዓይን ምልክት ተጭነው የጻፉትን ይዩት። ያገለገለ ላፕቶፕ ከእንግሊዝ የመጣ ከሆነ ወይም ሲዘጋጅ የእንግሊዝ ኪቦርድ ተመርጦ ከሆነ፣ በኢሜይል አድራሻ መካከል የሚገባው ምልክት ሺፍትና 2 ሲጫኑ አይወጣም፤ በቦታው ትእምርተ ጥቅስ ይመጣል። የአማርኛ ኪቦርድ ከተጫነ ደግሞ የመግቢያው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ፋንታ የአማርኛ ፊደል ሊመጣ ይችላል። የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብረው ተጭነው ቋንቋውን ይቀይሩ። የይለፍ ቃሉን መጀመሪያ ሲያወጡም የአሜሪካ ኪቦርድ መመረጡን ያረጋግጡ።

ፕሮግራም ሲጫን ፎልደር አላገኘሁም ይላል

የአካውንቱ ስም በአማርኛ ወይም በክፍተት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ መጀመሪያ በተሰጠው ስም ፎልደር ይፈጥራል፤ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደል ወይም ክፍተት ያለበትን የፎልደር አድራሻ ማንበብ ያቅታቸዋል። የአካውንቱን ስም በኋላ መቀየር ፎልደሩን አይቀይረውም። በአጭር የእንግሊዝኛ ፊደል ሌላ አካውንት ከፍተው ሰነዶችዎን ወደዚያ ይውሰዱ። የሚታየውን ስም በአማርኛ የሚያደርጉት ከዚያ በኋላ ነው።

የይለፍ ቃሉ ተረስቷል

የሎካል አካውንት ክፉ ጎኑ ይህ ነው፤ ደውለው የሚያስመልሱበት ቦታ የለም። ሲከፈት ሦስት የደኅንነት ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ተሳስተው ሲያስገቡ «ሪሴት ፓስወርድ» የሚል ይመጣና እነዚያኑ ይጠይቅዎታል። መልሱን በምን ፊደልና አጻጻፍ እንዳስገቡት ጭምር ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የትውልድ ከተማን አንድ ጊዜ በአንድ ፊደል፣ ሌላ ጊዜ በሌላ የሚጽፍ ሰው በራሱ መልስ ይቆለፋል። ከሁሉም በላይ ሁለተኛ የአድሚኒስትሬተር (ሙሉ ሥልጣን ያለው) አካውንት ለሌላ አዋቂ የቤተሰብ አባል ይክፈቱ፤ አንዱ ቢረሳ ሌላው ይቀይርለታል። ለልጆች «ስታንዳርድ» ይበቃል። ያለ ፈቃድ ፕሮግራም ሊጭኑ ሲሉ የወላጅን የይለፍ ቃል ይጠይቃቸዋል።

ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል

ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፏል። ኮምፒውተሩ በማይክሮሶፍት አካውንት ተከፍቶ ከነበረ ዊንዶውስ ሳይነግርዎት ቆልፎት ቁልፉን እዚያ አካውንት ላይ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። በስልክዎ ወደ አካውንቱ ገጽ ገብተው ከ«ዲቫይስስ» ሥር ይፈልጉት። ወደ ሎካል አካውንት ከመቀየርዎ በፊት ይህን ቁልፍ በወረቀት ገልብጡ፤ ማንም የማይነግርዎት ዋናው ጥንቃቄ ይህ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው ቁልፉ በሻጩ አካውንት ላይ ከሆነ ሻጩ ካልሰጠዎት በዲስኩ ላይ ያለው አይነበብም፤ ያለው አማራጭ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው።