ምላስ የሚያቃጥለው የፒፓ ትምባሆ እንዴት ተስተካከለልኝ

ቆርቆሮው ሲከፈት ቫኒላው ያውዳል። ሲጨስ ግን ምላስ ያቃጥላል፣ ፒፓው ውስጥ ውሃ ይንቆረቆራል፣ ቤቱም የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል።

ቼሪም ካራሜልም ቀያየርኩ፤ ያው ነው። ጠቅጠቅ አድርጌ ሞላሁ፤ ባሰበት።

ለካ ነገሩ እርጥበቱ ነው! ማጣፈጫ ያለው ትምባሆ እንዳይደርቅ ብዙ ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል እርጥበት የሚይዝ ፈሳሽ ይገባበታል። እርጥቡ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ እንዳይጠፋ አጥብቄ ስስብ እንፋሎቱ ምላሴን ይልጠው ነበር።

አሁን ለአንድ ጊዜ የሚበቃኝን ወረቀት ላይ በትኜ 45 ደቂቃ አናፍሰዋለሁ። በጣቴ ጨምቄው ሳይጣበቅ መልሶ ከተፍታታ ደርሷል። ላላ አድርጌ ሞልቼ በዝግታ እስባለሁ። ቫኒላው መጣ፤ ቤቱም ጥሩ ጥሩ ሸተተ።

ስትመርጡ በርሊ እና ብላክ ካቨንዲሽ የሚባሉት የትምባሆ ዓይነቶች የበዙበትን ቅይጥ ውሰዱ፤ በርሊ ማጣፈጫውን በደንብ ይመጥጣል። አዲሱን ቅይጥ በበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ ሞክሩት፤ የእንጨቱ ፒፓ የቀድሞውን ጣዕም ይይዛል።