ስለ ጤና፣ ልጅ አስተዳደግና ትምህርት በግል የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ለእንዲህ ዓይነቱ ጸሐፊ የምትመች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲውም ትልቁ ሆስፒታልም ከተማው ውስጥ ናቸው፤ ቡናው ደግሞ የቤተሰቡንም የትምህርት ቤቱንም ዓመት ይመራል። ሆኖም ስለ ልጅ ጤና የተጻፈ ነገር ማታ ተነቦ ጠዋት በልጅ ላይ ይፈጸማል። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈራው የአንድ ቃልና የአንድ ቁጥር ስህተት ነው።

የእናትን ቃልና የሐኪምን ቃል ማደባለቅ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። እናት «ምች መታው» ስትል ዳማከሴ ታሽቶ የሚሰጥበትን ሕመም ማለቷ ነው። ሐኪም «የሳንባ ምች» ሲል ትንንሽ ልጆችን የሚገድል የሳንባ በሽታ ማለቱ ነው። ጸሐፊው ቦታ ለመቆጠብ «የሳንባ» የሚለውን ከጣለ፣ አንባቢዋ ልጇ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ እያየች ዳማከሴ ፍለጋ ትወጣለች። ሙሉ ስሙን ጻፉ፤ ምልክቱንም በቁጥር አስቀምጡ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ቃለ መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ ተደርጎ ጽሑፉ በአማርኛ ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። እናቲቱ «ቡሳ» ካለች፣ ወባ መሆኑ በደም ምርመራ የታወቀ ነው ወይስ ትኩሳቱን አይታ የገመተችው? ይህን ሳይጠይቁ «በወባ ታሞ የነበረ» ብሎ መጻፍ ልክ አይደለም። ድምፁን ቅዱ፤ ቋንቋውን የሚችል ሌላ ሰው ትርጉሙን ከድምፁ ጋር ያመሳክር። በምንም ምክንያት እናቲቱ የምትታከምበት ጤና ጣቢያ ሠራተኛ አስተርጓሚ አይሁን፤ እናቲቱ በእሱ ፊት ቅሬታዋን አታወጣም።

«እ.ኤ.አ.»ን መርሳት

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ፣ መሆናቸውን አሳይቷል። «በ2016» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ግን አንባቢው በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል፤ የ2008 ዓ.ም. መረጃ የቅርብ ጊዜ ይመስለዋል። ከጥናት የሚወሰድ ዓመት ሁሉ ከተቻለ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

መቶኛው ከስንት እንደሆነ አለመናገር

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። አካፋዩ ተፈታኞቹ ናቸው እንጂ የዚያ ዕድሜ ወጣቶች ሁሉ አይደሉም። በ4ኛ ወይም በ8ኛ ክፍል ያቋረጠው ልጅ እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፤ ስለ ትምህርት የሚጽፍ ሰው ግን እሱንም ማንሳት ይገባዋል። «አደጋው በእጥፍ ጨመረ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከ1,000 ሰው 1 የነበረው 2 ከሆነ እጥፍ ነው፤ ከ10 ሰው 2 የነበረው 4 ቢሆንም እጥፍ ነው። አንባቢው መነሻውን ካላወቀ ይደነግጣል እንጂ አይረዳም።

በአንድ ወረዳ ጥቂት መቶ እናቶችን የጠየቀ ጥናት «የኢትዮጵያ እናቶች» ለማለት አይበቃም። «ተያያዥነት አለው» የሚለውንም «ያስከትላል» ብላችሁ አትተርጉሙት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናል በነጻ ይነበባል፤ መግቢያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ ብቻ አንብቦ ከመዝጋት ይልቅ ስለ አሠራሩና ስለ ውስንነቱ የተጻፈውን ክፍል ማንበብ ይሻላል።

መጠንን በግምት መጻፍ

ለተቅማጥ የሚሰጠው ባለ 1 ሊትር ኦ.አር.ኤስ. (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ጨውና ስኳር ያለበት ዱቄት) ሙሉ ፓኬቱ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። «በብርጭቆ በጥብጡ» ተብሎ ከተጻፈ ጨዉ ይበዛና ልጁን ይጎዳል። ዚንክ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሚሊ ግራም ሆኖ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ቀኑ እስኪሞላ ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ ከጽሑፍ የሚቀረው ይህ የመጨረሻው ነው። ጽሑፉ ከመላኩ በፊት መጠኖቹን ብቻ ለጤና ባለሙያ በስልክ አንብቡለት፤ ሙሉውን ማስነበብ አያስፈልግም።

ርዕስን እንደ ታሪክ መላክ

«የሕፃናት አመጋገብ በጅማ» ርዕስ ነው፤ አዘጋጅ አይገዛውም። «ቡና ለቀማ የወጣች እናት ገና 6 ወር ያልሞላውን ሕፃን ጡት እንዴት ታጠባለች?» ግን ታሪክ ነው። ጥያቄውን፣ የሚናገሩትን ሰዎችና ለምን አሁን መውጣት እንዳለበት ከ200 ቃል ባልበለጠ ጻፉ። ጊዜውንም ቀድማችሁ ያዙ፦ ከክረምት በኋላ ለሚነሣው ወባ በነሐሴ፣ ለመስከረሙ ትምህርት መክፈቻ በሐምሌ።

ስም ቀይሮ ማንነትን ማጋለጥ

«ጅሬን የምትኖር፣ ሦስት መንታ የወለደች መምህርት» ተብሎ ከተጻፈ የተቀየረው ስም ምንም አይሸፍንም። ከሰፈሩ፣ ከሥራውና ከተለየው ሁኔታ ቢያንስ ሁለቱ ይውጡ። በፎቶም ፊት መሸፈን ብቻውን አይበቃም፤ የደንብ ልብሱ ትምህርት ቤቱን ይናገራል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ይፈቅዳል፤ ልጁም ይጠየቅ፣ እምቢ ካለ ይከበርለት። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የተረኛዋ ነርስ እሺታ ፈቃድ አይደለም፤ ደብዳቤ ይዞ ወደ ሕዝብ ግንኙነት መሄድ ነው።

አበልና ክፍያ

የዱቄት ወተት ሻጭ ባዘጋጀው ስልጠና አበል ተቀብሎ ስለ ጡት ማጥባት መጻፍ አይቻልም። የጡት ወተት ተተኪዎችን ንግድ የሚገድበው ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1981 የጸደቀው የሻጮች ማስተዋወቅ ጡት ማጥባትን እንዳይጎዳ ነው። ለሥራው ደግሞ ሳትጀምሩ በጽሑፍ ተስማሙ፦ የቃሉ ብዛት፣ የሚሰጥበት ቀን፣ ክፍያው ሲረከቡ ነው ወይስ ሲታተም፣ ጽሑፉ ሳይታተም ከቀረ ስንት ይከፈላል፣ በጅማ ዙሪያ ወዳሉት ወረዳዎች ወደ ሰቃ ጨቆርሳ ወይም ማና የሚያስኬደውን የትራንስፖርት ወጪ ማን ይችላል። በስልክ የተባለውን በዚያው ቀን በመልእክት ጽፋችሁ ላኩና «ትክክል ነው» የሚል መልስ አስቀሩ።