ጎንደር ላይ በሥራ ቪዛ ያለ የውጭ ዜጋ ሲያገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር በሥራ ፈቃድ ለሚኖር የውጭ ዜጋ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሕንዳዊ፣ መንገድ የሚሠራ ቻይናዊ መሐንዲስ፣ በእርዳታ ድርጅት የተቀጠረ ኬንያዊ ወይም አውሮፓዊ ሁሉም ይገኝባታል። ከእነዚህ አንዱን ለማግባት የወሰነ ቤተሰብ ጉልበቱን ሁሉ በሽማግሌውና በድግሱ ላይ ይጨርሳል። ወረቀቱ የሚታሰበው ጠላው ከተጠመቀ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ወረቀቱ በሙሉ ተሟልቶ እንኳን ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ፣ ቀኑም አልፎ ይገኛል።

ጋብቻው ቪዛውን ይተካዋል ብሎ ማሰብ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹ በገንዘብና በምልልስ ይስተካከላሉ። በሥራ ቪዛ የገባ ሰው አገር ውስጥ የሚቆየው እርስ በርሱ በተያያዘ ሰንሰለት ነው። ቀጣሪው “ይህ ባለሙያ ያስፈልገኛል” ብሎ ያመለክታል። የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት የሥራ ፈቃድ ይሰጣል። ኢሚግሬሽን ደግሞ ያንን ይዞ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ፈቃዱ ለአንድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት የሚሰጥ ነው፤ በመደበኛው ለ3 ዓመት ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሚባል ቀለበት የለም። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ወይም ቀጣሪው ውሉን ሲያቋርጥ፣ ትናንት የተጋባም ይሁን የዛሬ አምስት ዓመት፣ የሥራ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ይከተለዋል።

የኢትዮጵያዊ ባለቤት በጋብቻ ምክንያት የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ማመልከቻ ነው፤ የተመዘገበ ጋብቻ ይፈልጋል፤ መቅረብ ያለበትም በእጅ ያለው ፈቃድ ሳይቃጠል ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ትዳሩ ሳይሆን ያለፈቃድ ስለቆየባቸው ቀናት ነው፤ ቅጣቱም በቀን እየተቆጠረ ይከማቻል።

የሠርግ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ፓስፖርቱ የሚያበቃበት፣ የሥራ ፈቃዱ የሚያበቃበት፣ የመኖሪያ ፈቃዱ የሚያበቃበት። የመጨረሻ ቀናችሁ ከሦስቱ ቀድሞ የሚመጣው ነው። ፓስፖርቱ ከስድስት ወር ያነሰ ዕድሜ ከቀረው ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን አሳድሱ፤ በአዲስ ፓስፖርት ቁጥር የተጻፈ ወረቀት አሮጌውን ቁጥር ከያዘው ጋር ሲጋጭ የሚያልፈው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ሁለት ነገሮች አሉ። ለጫጉላ ብሎ ሥራ መልቀቅ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ “አሁን ባለትዳር ነኝ” ብሎ በአንዱ ቀጣሪ ፈቃድ ሌላ ቦታ መሥራት ነው። ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ስለሆነ ወደ አዲስ ቀጣሪ አይሻገርም። በጋብቻ የተገኘ የመኖሪያ ፈቃድም ለመኖር እንጂ ለመቀጠር አይደለም።

የሰማንያውን ወረቀት እንደ ምስክር ወረቀት መቁጠር

በጎንደር አገር ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ውሉ ተነቦ፣ ምስክር ፈርሞ በሰማንያ መጋባት የቆየ ወግ ነው። ሕጉም አይንቀውም። በባህል፣ በሃይማኖትና በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸሙ ጋብቻዎች ሦስቱም ጋብቻ ናቸው። ነገር ግን ኢሚግሬሽንም ሆነ የውጭ አገር ኤምባሲ በሽማግሌ ፊርማ የተዘጋጀን ወረቀት አይቀበልም። የሚፈልገው ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በባህል ወይም በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ኒካህም እንደዚሁ ነው። የሰማንያውን ውል አትጣሉት፤ ለምዝገባው ማስረጃ ይሆናል።

በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለመጋባት ከታሰበ ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ይለጠፋልና። ከተጋቢዎቹ የአንዳቸው ወይም የቅርብ ዘመዳቸው መደበኛ መኖሪያ በዚያው መሆን አለበት፤ መኖሪያ የሚባለውም ቢያንስ ስድስት ወር በተከታታይ የተኖረበት ነው። የእርስዎ የነዋሪነት መታወቂያ ከሌላ ከተማ ከሆነና ወደ ማራኪ ወይም አዘዞ የመጡት በቅርቡ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ያስተካክሉ። ቀበሌው “የውጭ ዜጋ ስለሆነ” ብሎ ወደ ክፍለ ከተማ ሊመራዎት ይችላል፤ ያኔ ሸኚ ደብዳቤውን በእጅዎ ይቀበሉ።

ምስክር በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ነው። የውጭ ዜጋው ወገን ብዙ ጊዜ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ መታወቂያቸው ወይም የመኖሪያ ፈቃዳቸው ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ከቀኑ በፊት እዩ። አማርኛ የማይሰማ ከሆነ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ። ፈቃደኝነቱን በራሱ አንደበት፣ ገብቶት መናገር አለበት።

“ያላገባ” ማስረጃን ቀላል አድርጎ ማየት

ብዙ ሠርግ የሚንገዳገደው እዚህ ጋ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ይህ ሰው በአገሩ ሚስት ወይም ባል የለውም? በሕጋችን በትዳር ላይ ትዳር ክልክል ነው። “የለኝም” የሚለው ቃሉ አይበቃም፤ ቀጣሪው የሚጽፈው ደብዳቤም አይበቃም።

ማስረጃው የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከአገሩ ማስመጣት ነው። ሰነዱ በዚያው አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያትምበታል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ የእኛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጣል። ትርጉም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት መጀመሪያ አስተርጉመው በትርጉሙ ላይ ማኅተም የሚለምኑ ናቸው። ማኅተሞቹ ዋናው ላይ አርፈው፣ ትርጉሙ ማኅተሞቹንም ጨምሮ መገልበጥ አለበት። ስካን ተደርጎ በቴሌግራም የመጣ ቅጂ ምንም አይጠቅምም።

ሁለተኛው መንገድ አዲስ አበባ ካለው የራሱ ኤምባሲ ማውጣት ነው፤ አጭሩም ይሄ ነው። አንዳንድ አገር እንዲህ ያለ ማስረጃ ጨርሶ አይሰጥም። አሜሪካ ለምሳሌ ማዕከላዊ የጋብቻ መዝገብ የላትም። ስለዚህ ሰውየው በኤምባሲው ኮንሱል ፊት ቀርቦ ያላገባ ስለመሆኑ ቃለ መሐላ ይፈርማል፤ ለእያንዳንዱ ማኅተም 50 ዶላር ይከፍላል። ይህም ወረቀት ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዶ መረጋገጥ አለበት፤ ከኤምባሲው በቀጥታ ወደ ጎንደር ይዘውት የሚመለሱ አሉ፤ ይመለሳሉ፣ ተመልሰውም ይሄዳሉ። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም እንደ ቀድሞው የሚታመን ስላልሆነ አብዛኛው ሰው ከአዘዞ በአውሮፕላን ነው የሚሄደው። የአንድ ማኅተም መዘንጋት የሁለት ትኬት ዋጋ ነው።

ማስረጃው በጣም ቀድሞ ቢወጣም ችግር ነው። ያላገባ መሆን የሚለወጥ ነገር ስለሆነ የጥቂት ወራት ዕድሜ ብቻ ነው የሚሰጡት። የፈታ ሰው ከሆነ የፍቺ ማመልከቻውን ሳይሆን የመጨረሻውን ፍርድ ያቅርብ፤ ሚስቱ የሞተችበት የሞት ምስክር ወረቀት። የፈታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት በቤተሰብ ሕጉ 180 ቀን መጠበቅ አለባት፤ ነፍሰ ጡር አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን መጠበቁ ይቀራል።

በስምና በቀን ላይ መቸኮል

የእኛ ቅጽ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። የእነሱ ፓስፖርት ደግሞ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ይላል። ቻይናዊ ሲሆን የቤተሰብ ስሙ ይቀድማል፤ ጸሐፊው የመጀመሪያውን ቃል የራሱ ስም አድርጎ ይጽፈዋል፤ ሰውየውም በወረቀት ላይ የአባቱ አባት ሆኖ ያርፋል። ከደቡብ ሕንድ የመጣ ሰው የቤተሰብ ስም ጨርሶ ላይኖረው ይችላል። ብዙ የሕንድ ፓስፖርቶች የአባትን ስም በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለሚይዙ ያንን ገጽም ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ።

ስሙ በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ ወስናችሁ በትርጉሙም፣ በቅጹም፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብም አንድ ዓይነት አድርጉት። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ግን ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ቅዱ፤ በጆሮ የተሰማ አይጻፍ።

የልደት ቀን ላይ ብዙ ሰው ከዓመቱ 8 ቀንሶ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ይተወዋል። በፈረንጅ መጋቢት ወር 15 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በእኛ መጋቢት 6 ቀን 1982 እንጂ መጋቢት 15 አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በፈረንጅ ለተወለደ ደግሞ የሚቀነሰው 7 ነው፤ የመስከረም የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት (ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት አሥራ አንድ) ብቻ በ8 ይቆጠራሉ። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀንም ያሳስታል፦ 04/05/1991 ለአውሮፓዊ ግንቦት አራት፣ ለአሜሪካዊ ሚያዝያ አምስት ነው። በእኛ አንዱ ሚያዝያ 26፣ ሌላው መጋቢት 27 ቀን 1983 ይሆናል። ወሩን በፊደል የሚጽፈውን የፓስፖርት ገጽ ተከተሉ።

ጥርን ቆርጦ በታኅሣሥ መጀመር

ሠርግ በጥር ነው፤ ለዚያውም ጎንደር ላይ ከጥምቀት ማግስት። ያኔ ሆቴሉም በረራውም በእንግዳ የተያዘ ነው፤ ቢሮውም በበዓል ምክንያት ይከፈትና ይዘጋል። ለጥር ሠርግ የውጭ ሰነድ በመስከረም መጀመር አለበት። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን አታጋባም፤ ቢሮ ግን ይሠራል፤ ለወረቀት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ጥር ካመለጠ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው ቀን አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ 55 ቀን ጾም ነው።

የሃይማኖቱን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ማንሳት

ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በተክሊልና በቁርባን የምታጋባው የተጠመቁ ምእመናንን ነው። ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው ትምህርትና ጥምቀት ይቀድመዋል፤ ይህም በሳምንት የሚያልቅ አይደለም። የእኅት አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ከሆነ፣ ማለትም የኮፕት፣ የአርመን፣ የሶርያ፣ የኤርትራ ወይም የሕንድ ማላንካራ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ከኬረላ የመጣ መምህር ማላንካራ ሊሆን ይችላልና ሳትጠይቁ “ባዕድ ነው” አትበሉ። የጥምቀት ምስክር ወረቀት ከአጥቢያው ያስመጣ።

የተሳሳተውን የሕግ መጽሐፍ ማንበብ

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው በአብዛኛው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ጎንደር ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። መንፈሳቸው ተቀራራቢ ነው፤ የአንቀጽ ቁጥር ጠቅሶ መስኮት ላይ ለመከራከር ግን የክልሉን ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ንብረት ከሠርግ በኋላ ለመነጋገር ማሰብ

በዶላር የሚከፈል ደመወዝም ቢሆን በትዳር ውስጥ ከተገኘ የጋራ ነው። የግል ሆኖ የቀረ ንብረት የሚያስገኘው ገቢም የጋራ ነው። ይህን መለወጥ የሚፈልጉ ተጋቢዎች የጋብቻ ውል ማድረግ ያለባቸው ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ነው፤ በጽሑፍ ሆኖ ከየወገኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክር ይፈርምበታል። የውጭ ዜጋው የማያነበውን አማርኛ ከፈረመ በኋላ ጠብ አይጠፋምና ውሉ ቀድሞ ይተርጎምለት።

ዜግነት በጋብቻ ወዲያው ይመጣል ማለት

አይመጣም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ጋብቻው ቢያንስ 2 ዓመት የሞላው፣ አመልካቹም ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ 1 ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ መሆን አለበት። የቀድሞ ዜግነቱንም መልቀቅ ይጠበቅበታል፤ ጥምር ዜግነት የለም። እርስዎም የእሱን አገር ዜግነት ከወሰዱ የኢትዮጵያዊነት ዜግነትዎ ይቀራል። ልጅ ግን ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ከተወለደ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው። የሌላውን ወላጅ ዜግነት ደርቦ ከያዘ፣ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ማስታወቅ አለበት።

ሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ መጀመር

ወደ እሱ አገር ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ተጋብታችሁ ትሄዳላችሁ ወይስ እዚያ ትጋባላችሁ የሚለውን አስቀድማችሁ ቁረጡ። የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ ላልተጋቡ ብቻ ነው፤ በገቡ በ90 ቀን ውስጥ እዚያ መጋባት ይጠበቃል። ሽማግሌና ቀለበት አይጎዳም። ቬሎ ለብሶ፣ ኬክ ቆርሶ፣ ሚዜ አሰልፎ የተነሡትን ፎቶ ለኤምባሲ “እጮኛሞች ነን” ብሎ ማቅረብ ግን ቪዛውን ያስከለክላል።

ናይሮቢ ወይም ዱባይ ተጋብቶ መጥቶ ጎንደር ላይ እንደ አዲስ መጋባትም እንዲሁ ነው። ሁለት የጋብቻ ቀን ያለው ሰው የትኛው እውነት እንደሆነ ሲጠየቅ ይኖራል። ውጭ የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ እዚህም ይጸናል፤ የሚያስፈልገው ሰነዱን ማረጋገጥ ነው።

ወረቀቱን ሳያነቡ መስኮቱን መልቀቅ

“መኖሪያ ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ” ለሚል ደላላ ፓስፖርት አይሰጥም፤ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ለምዝገባው ስድስት ስድስት 3 በ4 ፎቶ፣ የሁሉንም ሰነድ ዋናና ሁለት ሁለት ቅጂ ያዙ። ቀጠሮው “ሦስት ሰዓት” ከተባለ ለውጭ ዜጋው ዘጠኝ ሰዓት ብላችሁ ንገሩት፤ አለዚያ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ምስክር ወረቀቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት፦ ስም በፊደል፣ የልደት ቀን፣ የጋብቻ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ዜግነት፣ ማኅተምና ፊርማ። ጸሐፊው ገና ከፊታችሁ ተቀምጦ ሳለ የአንድ ፊደል ስህተት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን ማረሚያው ያለው ጎንደር ነው።