እንግሊዝኛ ለማስተማር ኮሪያ ስትሄዱ አማርኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ

በነሐሴ ወደ ደቡብ ኮሪያ እበራለሁ። አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ተቀምጬ ስዘጋጅ ስምንት ወር ሆነኝ። ያላነበብኩት ምክር፣ ያላየሁት ቪዲዮ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የተሠራው ግን ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ነው። "ይሄ ይከብዳችኋል፣ ያ ይገርማችኋል" ይላሉ። እኔን የገረመኝ ስንቱ ነገር ከቤቴ የማውቀው መሆኑ ነው። ከኔ በኋላ ለምትሄዱ፣ የረዳኝን ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ወረቀቱን እንጨርስ። ኤፒክ የሚባለው የኮሪያ መንግሥት ፕሮግራም የሚቀበለው የ7 አገር ዜጎችን ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። ዲግሪ ያስፈልጋል። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮም በእንግሊዝኛ መማር ግድ ነው። እኔ አሜሪካ የገባሁት በ10 ዓመቴ ስለሆነ አለፍኩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ያላችሁ በዚህ በር አትገቡም፤ የኮሪያ መንግሥት ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ ተመልከቱ። አሜሪካ ላላችሁ፣ ዲግሪያችሁ አፖስቲል የሚባለውን ማረጋገጫ የሚያገኘው ከስቴቱ ነው። ወንጀል እንደሌለባችሁ የሚያሳየው የኤፍቢአይ ወረቀት ግን የሚያገኘው ዋሽንግተን ካለው ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። እኔ የኤፍቢአዩን ለስቴት ልኬ ሦስት ሳምንት ባከነብኝ። እናንተ አትድገሙት።

አሁን ወደ ዋናው። ፊደሉን እንደ ሀ ሁ ተማሩት። ሐንግል የሚባለውን የኮሪያ ፊደል ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1443 ፈጠረው፣ በ1446 ለሕዝብ ይፋ አደረገው። መሠረቱ 14 ተነባቢና 10 አናባቢ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ውሰዱና ተነባቢዎቹን ከላይ ወደ ታች፣ አናባቢዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሩ። 140 ሳጥን ይወጣችኋል። ኮሪያውያን ልጆችም በዚህ ዓይነት ገበታ ነው የሚማሩት። እኔ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ፣ ልክ አያቴ በስንደዶ እየጠቆመች እንዳስቆጠረችኝ፣ ጮክ ብዬ ቆጠርኩት። በአምስተኛው ቀን የሱቅ ታፔላ ማንበብ ጀመርኩ።

እዚህ ጋ አማርኛ ውለታ ይውልላችኋል። በኮሪያኛ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን የሚያስቸግሩ ሁለት አናባቢዎች አሉ። አንዱ ለኛ ሳድስ በጣም ይቀርባል፣ "ስም" ስንል እንደምናሰማው። ሌላው ለ"ለ" እና ለ"መ" ግዕዝ ድምፅ ይቀርባል። የቋንቋ ክፍል ጓደኞቼ ከንፈራቸውን እያጣመሙ ሲታገሉ እኔ እንዲሁ አልኩት። "ደ"ን ከ"ተ"፣ "ተ"ን ከ"ጠ" ለይቶ ያደገ ጆሮም አይጎዳም። ኮሪያኛም እንዲህ ያሉ ድምፆችን ሦስት ሦስት አድርጎ ይለያል። ድምፆቹ ከኛ ጋር አንድ ባይሆኑም ጆሯችሁ ልዩነት መፈለግ ለምዷል።

አረፍተ ነገሩማ ተዉት። "ጀንን ባብል መገዮ" ማለት "እኔ ሩዝን እበላለሁ" ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። "ባብል" ላይ ያለችው "እል" ደግሞ የኛን "ን" ሥራ ትሠራለች። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ወደ ኮሪያኛ አትተርጉሙ። ሐሳቡን በአማርኛ አስቡት፣ ቃሉን ብቻ ቀይሩ። እኔ ይህን የተረዳሁት ሦስት ወር በእንግሊዝኛ በኩል ከደከምኩ በኋላ ነው። "እል"ን ስታነሱ የሚቀረው "ባፕ" ራሱ የበሰለ ሩዝም ነው፣ ምግብም ነው፣ እንደኛው እንጀራ። ሰው ሲያገኛችሁ "ባፕ መገሰዮ?" ይላችኋል፤ "ምግብ በላሽ ወይ?" እንደማለት ነው። ቤታቸውንም "ኡሪ ጂፕ" ይሉታል፣ "ቤታችን"። ብቻውን የሚኖር ሰው እንኳ እንዲሁ ይላል።

ባህሉን ከመጽሐፍ ብቻ አትማሩ፣ ሰው ፈልጉ። ለኔ አናንዴል ቅርብ ነው። የኮሪያ ምግብ ቤትና ዳቦ ቤት እንደ ልብ ነው፣ ከኛ የአሌክሳንድሪያ ምግብ ቤቶችም ሩቅ አይደለም። እዚያ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ቅዳሜ ለኮሪያ አሜሪካውያን ልጆች ሐንግል ያስተምራል። ልርዳችሁ ብዬ ገባሁ። በብዙ የአሜሪካ ከተማ እንዲህ ያለ የቅዳሜ ትምህርት ቤት ታገኛላችሁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ የልጆቹን ደብተር እያረምኩ በቀይ እስክሪብቶ ስማቸውን መጻፍ ጀመርኩ። ዋናዋ መምህር ሰባውን ያለፉ እናት ናቸው። አጠገቤ መጥተው እጃቸውን እጄ ላይ አኖሩ። ቀዩን ቀስ ብለው ወሰዱና ጥቁር ሰጡኝ። "በቀይ የሚጻፈው የሞተ ሰው ስም ነው" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ። ደብተሮቹን ይዤ ወጥቼ አዲስ ሽፋን ገዛሁላቸው። ትልቅ ሰው ልጅን ሰው ፊት ሳያሳፍር እንዴት እንደሚያርም ያየሁት ያኔ ነው። አያቴም እንዲሁ ነበረች።

እኚህን ሴት በስማቸው አልጠራቸውም። "ሰንሴንግኒም" እላቸዋለሁ፣ "መምህር" ማለት ነው። እናንተንም ተማሪዎቻችሁ እንዲሁ ይሏችኋል። ኮሪያኛ አክብሮትን በግሱ መጨረሻ ላይ ይሸከማል። "አንተ" እና "እርስዎ" እያለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ገና ስትተዋወቁ ዕድሜያችሁን ቢጠይቋችሁ አትከፉ፤ በየትኛው አነጋገር እንደሚያናግሯችሁ እያሰቡ ነው። ዕቃ ስትሰጡና ስትቀበሉ በሁለት እጅ፣ ወይም ግራ እጃችሁ ቀኙን ደግፎ ይሁን። ይህንንም ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

በሦስተኛው ወር ቤታቸው ጋበዙኝ። ሥጋውን ጠብሰው፣ የሰላጣ ቅጠል መዳፋቸው ላይ ዘርግተው፣ ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ድልህ የመሰለ ሶስ አድርገው ጠቀለሉና ወደ አፌ አመጡት። "ሳም" ይሉታል። ዝም ብዬ ጎረስኩ። ሲደግሙልኝ ደግሞ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" የሚለውን ተረታችንን ነገርኳቸው። ሦስተኛውን ጠቀለሉ። ሳም ግን አንዴ ተጎርሶ ያልቃል፣ አይገመስም። እናንተም ለትልቅ ሰው መልሳችሁ አጉርሱ።

ለምትጾሙ አንድ ነገር አለኝ፣ ከየትም ምክር ውስጥ ያላገኘሁት። ኪምቺ ጎመን ስለሆነ የጾም አይምሰላችሁ። ብዙውን ጊዜ የጨው ሽሪምፕና የዓሣ ሶስ አለበት። ሾርባውም በደረቅ ትንንሽ ዓሣ ይፈላል። ምሳ የምትበሉት ከልጆቹ ጋር ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቶቹ የምሳ ዝርዝራቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። በየምግቡ ስም ጎን ለአለርጂ የተቀመጡ ቁጥሮች አሉ። 1 እንቁላል፣ 2 ወተት፣ 9 ሽሪምፕ፣ 10 አሳማ፣ 15 ዶሮ፣ 16 የበሬ ሥጋ ነው። እነዚህን ሸምድዱ፤ ከጾሙም ውጭ ቁጥር 10 ለብዙዎቻችን ያስፈልጋል። የደረቁን ዓሣ ሾርባ ግን ቁጥሩ አይነግራችሁም፣ መጠየቅ ነው። "ጎጊ ፔ ጁሴዮ" ማለት "ሥጋውን አውጡልኝ" ነው። የቡድሃ ገዳማት ምግብ ደግሞ ያለ ሥጋ፣ ያለ ዓሣ፣ ያለ ሽንኩርት ይሠራል። ለዐቢይ ጾም እሱን አስቤያለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ዋሽንግተን ያለውን የኮሪያ ዘማቾች ሐውልት እዩ። ከዳር ባለው ድንጋይ ላይ በኮሪያ ጦርነት በተባበሩት መንግሥታት ጎን የተሳተፉት 22 አገሮች ስም ተቀርጿል፣ የኢትዮጵያም አለ። ከኢትዮጵያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ቡሳን የደረሰው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ነው። ከ120 በላይ ልጆቻችን እዚያ ወደቁ። ወታደሮቻችን ዶንግዱቸን ውስጥ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። አስተማሪ ሆኜ ስሄድ ይሄ ከሁሉም በላይ ልቤን ይነካዋል። ቹንቸን ከተማ መታሰቢያቸው አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተውበታል። ከወንዙ ዳር "ኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ቡና ቤት ከዚያው ዓመት ጀምሮ ይሠራል።

ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የመጀመሪያዋን ነፃ ቅዳሜዬን ለዚያ ይዣታለሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ግማሽ ኪሎ የተቆላ የይርጋጨፌ ቡና አለ። ሰንሴንግኒም "ከዘማቾች ልጆች ነኝ በያቸው" ብለው የምለውን በኮሪያኛ ጻፉልኝ። ሰባት ቃል ነው፣ ግሱም መጨረሻ ላይ።